ከአርባ ሦስተኛው ተራ ጠባቂ ለኢንተርኔቱ ሥራ አስኪያጅ

መጋቢት 12 ቀን 2011 ዓ.ም.
ደብረ ማርቆስ

ለተከበሩ የኢንተርኔት አገልግሎት ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ግልባጭ፦ ለሚመለከተውም ለማይመለከተውም፣ ማንበብ ለሚችል ሁሉ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ጤና፣ ከዚያም አምስት ወር ሙሉ በመጣሁ ቁጥር ባዶውን የሚቀበለኝን የወንበርዎን ደኅንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ ተራችን እስኪደርስ ድረስ አለን። ስምዎን ያልጻፍኩት ንቄዎት እንዳይመስልዎ። በርዎ ላይ የተለጠፈው ስም ከእርስዎ በፊት የነበሩት ኃላፊ ነው ተብያለሁ፤ የእርስዎን ስም የሚያውቀው ሠራተኛ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው።

እኔ ገዳሙ ቢተው እባላለሁ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ከተደረደርነው ማመልከቻ ጸሐፊዎች መካከል ዳር ላይ የተጣፈ ጃንጥላ ዘርግቼ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው አቤቱታ ጽፌአለሁ። ከአምበር ድንበር የተገፋው፣ ከጉንደ ወይን በሬ የጠፋበት፣ ከዚሁ ከከተማው ወንድሙ ርስት የከለከለው ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣል፤ ገዳሙ የጻፈው ማመልከቻ ዳኛ ያስተክዛል እየተባለም ሰው ይልኩብኛል። ለራሴ ጉዳይ ግን እስከ ዛሬ አንድ መስመር ጽፌ አላውቅም ነበርና፣ የተዛባ ቃል ቢያገኙ በትዕግሥት ይለፉልኝ። ትዕግሥትን ከመሥሪያ ቤትዎ በደንብ ተምሬአለሁ።

ጉዳዬ አጭር ነው፤ ቤቴ ፈጣን ኢንተርኔት እንዲገባልኝ ነው። አንድ ሽማግሌ ማመልከቻ ጸሐፊ ይህ ለምኑ ነው ይሉኝ ይሆናልና፣ ለምኑ እንደሆነ ሳልደብቅ ልንገርዎ።

አንዲት ልጅ አለችኝ፤ አርሴማ ትባላለች። በሦስት ዓመቷ ማጅራት ገትር ይዟት እሷ ስትተርፍ ጆሮዋ አልተረፈም። ይሁን ብለን አሳደግናት፣ ተማረች፣ እንደ እሷ መስማት የተሳናቸውን ልጆች የምታስተምር መምህር ሆነች፤ አሁን ለሁለተኛ ዲግሪ ሕንድ አገር ነው ያለችው፣ የምትመለሰውም ሐምሌ ላይ ነው። እናቷ ወለተ ኢየሱስ ፊደል አልቆጠረችም። ነገር ግን እኔ ከጧት እስከ ማታ ጃንጥላዬ ሥር የሌላውን ሰው ቃል በወረቀት ሳሰፍር፣ እናትና ልጅ እቤት ውስጥ በእጃቸው ሙሉ ንግግር ሠርተዋል። ትምህርት ቤት የሚሰጠው አለበት፣ ሁለቱ ብቻ የፈጠሩት ደግሞ ይበዛል። እኔ የማውቀው ነይ፣ ሂጂ፣ ብይ፣ ተኚ የሚለውን ያህል ነው። እነሱ ሲያወሩ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ለምን እንደሚስቁ ሳላውቅ ስንት ዓመት አብሬ ስቄአለሁ።

አሁን የወለተ ኢየሱስ ዓይን እየሄደ ነው። የዓይን ግፊት ነው አሉን። የቀኙ መስከረም ላይ ጠፋ፤ በግራው የምታየው በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው። ሐኪሙ ደግ ሰው ነውና አልዋሸንም፤ በግራው እያየች ፋሲካን ካለፈች እግዚአብሔርን አመስግኑ አለን። ፋሲካ ሚያዝያ ላይ ነው፣ ልጄ የምትመጣው ሐምሌ ላይ። እንግዲህ ክቡርነትዎ ያስቡልኝ፦ ልጅቷ ድምፅ አትሰማም፣ እናቷ ነገ ምስል አታይም። በመካከላቸው የቀረው ይህ ትንሽ ጊዜ ብቻ ነው፤ የምለምነውም በዚህ ጊዜ እጅ ለእጅ እየተያዩ እንዲያወሩ ነው።

በእጅ ስልክ ሞክረን ነበር። የስልኩ ኢንተርኔት ሲያሰኘው ይሄዳል፣ ሲያሰኘው ይቆማል። እኔና እርስዎ ድምፁ ቢቆራረጥ ሃሎ ሃሎ እንላለን፤ እጅ መሃል ላይ ሲደርቅ ግን ንግግሩ አለቀ ማለት ነው። ኅዳር ላይ አርሴማ ሐኪም ቤት የሚለውን ምልክት አሳይታ እዚያው ላይ ምስሉ ደረቀ። እናቷ እስከ ማግስቱ እህል አልቀመሰችም። ኋላ ሲጣራ የታመመችው የክፍል ጓደኛዋ ኖራለች፤ ልጄ ልትጠይቃት ሄዳ ነው። ሆቴል ሄደንም አይተናል። መስመሩን ሃያ ሰው ተሻምቶት ያው እንደ ስልኩ ሆነብን፤ በዚያ ላይ አስተናጋጁ ወለተ ኢየሱስ እጇን ስታወናጭፍ እየተጣላን መስሎት ሊገላግለን መጣ። ከዚያ ወዲህ ሆቴል አልገባም አለች።

ቅሬታዬንም፣ ከቅሬታዬ የሚበልጠውን ምስጋናዬንም፣ እንደ ሙያዬ በቁጥር አቅርቤአለሁ።

፩ኛ፦ ጥቅምት ላይ ለሰጡኝ ባለቀለም መጽሔት ከልብ አመሰግናለሁ። ወርቅ፣ ብርና ነሐስ የሚባሉ ሦስት ዓይነት የቤት ኢንተርኔቶች እንዳሉዎት፣ ወርቁን ያስገባ ቤተሰብም ሶፋ ላይ ተደርድሮ ጥርሱን እያሳየ እንደሚስቅ ከሥዕሉ ተረድቼአለሁ። መጽሔቱን ይዤ ኮሌጅ ኮምፒውተር የሚያስተምረውን ጎረቤታችንን አለበልን ጠየቅሁት። እሱም የሚያሳስበን የሚመጣው ብቻ ሳይሆን የሚሄደውም ፍጥነት ነው፣ የእናቷም እጅ ወዲያ መድረስ አለበትና ብሩ ይበቃችኋል አለኝ። ሦስት ምሽት ወለተ ኢየሱስን አጠገቤ አስቀምጬ ገጽ በገጽ እያነበብኩላት ስናማርጥ ቆየን፤ ልጅ ልንድር ሽምግልና የተቀመጥን ነበር የሚመስለው። በመጨረሻ ብሩን መረጥን። ያን ሁሉ ስንመርጥ ሦስቱም እንደሌሉ አልነገሩንምና፣ ሦስት ደስ የሚሉ ምሽቶች ስላሳለፍን ባለውለታችን ነዎት።

፪ኛ፦ በሦስተኛው መስኮት ያሉት ወይዘሪት የመረጥኩትን ተቀብለው፣ ጽፈው፣ ማኅተም ካደረጉበት በኋላ ነው በሰፈራችሁ ለሁላችሁም የሚበቃ ፖርት የለም ያሉኝ። ፖርት ማለት፣ ምሰሶው ላይ በተሰቀለው ሳጥን ውስጥ የየቤቱ መስመር የሚሰካበት ቀዳዳ ነው። የእኛን ሳጥን ሆቴሉና ሁለት መሥሪያ ቤቶች ሞልተውት አንድ ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል፤ የጠየቅነው ደግሞ ሰባት ሰዎች ነን። ሁለተኛ ሳጥን መቼ እንደሚመጣ ብጠይቅ ጥናት ላይ ነው ተባልኩ። ማጥናት ጥሩ ነገር ነው፤ ልጄም እያጠናች ነው፣ እሷ ግን ሐምሌ ላይ ትጨርሳለች።

፫ኛ፦ ከሰባታችሁ ለማን እንደሚገባ ራሳችሁ ተስማሙና ቃለ ጉባኤ አምጡ አሉን። ይህን ትእዛዝ ስሰማ ደስ አለኝ፣ ሞኝ ነኝና። መስማማት ለእኛ ምን ገዶን! ታኅሣሥ ላይ በአንድ እሑድ እድራችን ተሰበሰበ። ነገሩን ቆሜ ስናገር መሃል ላይ ቁጭ አልኩ፣ የቀረውን አለበል ጨረሰልኝ። ከእኔ በፊት ለሱቁ አመልክቶ የነበረው አቶ ያሕያ ወዲያው ተነሥቶ፣ እኔ ዕቃ በስልክም አዝዛለሁ፣ እናት ልጇን ትይ፣ ይህ ደግሞ ስብሰባ ይፈልጋል እንዴ ብሎ ተቆጣ። ሌሎቹ አምስቱም ተከተሉት። ቀዳዳው ለገዳሙ ቤት ይሁን ተብሎ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ክቡር ሆይ፣ በዚያ ቀን ሰው መሆን ደስ ይል ነበር።

ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከሥር የፈራሚዎችን ስም ማስፈሪያ ሠንጠረዥ አሰመርኩ፣ ተራ ቁጥርም ሰጠሁት። ማነው መጀመሪያ የሚፈርመው ሲባል፣ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው የሆነው የቅኔ መምህራችን የኔታ ምናለ ይቅደሙ ተባለ፤ እሳቸውም ኧረ በማርያም ያሕያ ይቅደም፣ ውለታው የእሱ ነው እያሉ ሲግደረደሩ ግማሽ ሰዓት ሄደ። በመጨረሻ የኔታ አንደኛ፣ አቶ ያሕያ ሁለተኛ፣ አሮጊቷ ወይዘሮ አይናዲስ ሦስተኛ ሆነው፣ ሌላውም የእድሩ አባል በዕድሜውና በማዕረጉ ተከታትሎ ፈረመ። እኔ የመጨረሻው ላይ ፈረምኩ። ሌላ ምን ላደርግ ኖሯል? ሰው ሁሉ ለእኔ ብሎ መብቱን ሲለቅ፣ እኔ ሽማግሌ ቀድሜ ብዕር ላነሣ ነው? አርባ ሦስተኛው ፈራሚ ገዳሙ ቢተው ሆነ።

፬ኛ፦ ጥር 20 ቀን ማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ ስሜን ፍለጋ መጥቼ ያየሁት ይህ ነው። መሥሪያ ቤትዎ የቃለ ጉባኤውን ሐሳብ ሳይሆን ሠንጠረዡን አንብቦ፣ አርባ ሦስት ሰዎች ፈጣን ኢንተርኔት ፈልገዋል፣ በስምምነታቸውም መሠረት በተራ ይስተናገዳሉ ብሎ ለጥፏል። አንደኛ የኔታ ምናለ፣ አርባ ሦስተኛ እኔ። እግዚኦ! ገጹ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ማስመር ብቻ ነው የቀረኝ፣ ሁለተኛው አንቀጽ እኮ ለአቶ ገዳሙ ቢተው ቤት ይሁን ይላል ብዬ ለመስኮቷ ወይዘሪት አሳየኋቸው። እሳቸውም በትሕትና አንብበው፣ አዎ ይላል፣ ሲስተሙ ውስጥ የገባው ግን ሠንጠረዡ ነው አሉኝ። ሲስተሙን ላናግረው ብል እሱም የለም።

እዚህ ላይ ሌላውን ብቻ አልወቅስም። ሠላሳ አንድ ዓመት ለባላገር ሁሉ ቁጥር ያለበት ቦታ ላይ ተጠንቀቅ እያልኩ የምመክር ሰው፣ ለሚስቴ ዓይን የጻፍኳትን አንዲት ወረቀት በገዛ እጄ አበላሸኋት። ተራ ቁጥር ምን አስጻፈኝ? መጨረሻ መፈረም ምን አመጣው? ሌሊት ሌሊት ይህን እያብሰለሰልኩ አነጋለሁ። ለወለተ ኢየሱስ ግን እንዲህ ሆነ ብዬ አልነገርኳትም፣ ደርሷል ነው የምላት።

፭ኛ፦ ይህን ስሕተት ለማረም ስላወጡልን ቀላል መንገድ ምስጋናዬን እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም። ተራው የደረሰ ሰው አሥራ አምስት የሥራ ቀን ይጠበቃል። ተራዬን ለቅቄአለሁ ለማለት በአካል ይመጣል፤ ለቅቄአለሁ ካለም በኋላ ሐሳቡን ሊቀይር ይችላልና አሥራ አምስቱ ቀን እስኪያልቅ ይጠበቃል። ተራው ሳይደርስ አስቀድሞ መልቀቅ አይቻልም፣ የሌለውን ነገር እንዴት ይለቃል ተብሏል። አርባ ሁለት ሰው በአሥራ አምስት ቀን ሲባዛ ስድስት መቶ ሠላሳ የሥራ ቀን ነው፤ ሁለት ዓመት ተኩል ማለት ነው። የወለተ ኢየሱስን ዓይን እስከዚያ ድረስ ጠብቅ የሚል ደብዳቤ ቢጽፉለት፣ እኔ አደርሳለሁ።

የኔታ ምናለ በምርኩዛቸው እየተደገፉ መጥተው፣ ልጆቼ እኔ ይህን ነገር አላውቀውም፣ ለገዳሙ ስጡት ብለው ለመኑ። የቀበሌ መታወቂያዎ ጊዜው አልፏል አሏቸው። አድሰው እስኪመለሱ አሥራ አምስቱ ቀን አለፈ፤ እንዳለፈ ሲነገራቸውም ተመስገን ብለው መሬቱን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። አቶ ያሕያ በመጀመሪያው ቀን ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ለቀቀ፣ ሐሳቡን ይቀይር እንደሆነ ተብሎ አሥራ አራት ቀን ተጠበቀ። አልቀየረም። ከመጋቢት 2 ጀምሮ ተራው የወይዘሮ አይናዲስ ነው። ወይዘሮ አይናዲስ ግን በጥምቀት ሰሞን አርፈዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር፤ በአካል መምጣት አልቻሉም። ወራሾቻቸው ተራውን ይልቀቁ፣ ለዚህም ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያምጡ ተባለ። ማመልከቻውን የጻፍኩላቸው እኔው ነኝ፣ እዚያው ጃንጥላዬ ሥር። ቀጠሮው ለሚያዝያ መጨረሻ ተሰጥቷል።

፮ኛ፦ ለምን በጽሑፍ መልእክት አትላላኩም ብለው ስለመከሩኝ አመሰግናለሁ። እንላላካለን። ልጄ ትጽፋለች፣ እኔ አነባለሁ፣ እናቷ ትሰማለች። ደህና ነኝ፣ ፈተና አለፍኩ፣ ሙቀቱ ከብዶኛል። እናት ግን ልጇን የምታውቀው በዚህ አይደለም። ወለተ ኢየሱስ የአርሴማን ጣት አይታ እንቅልፍ አጥታ እንዳደረች ታውቃለች። እሷ የምታየውን እኔ ጽፌው አላውቅም፣ እንዴት እንደሚጻፍም አላውቅም።

ክቡር ሆይ፣ እስከዚህ ድረስ የጻፍኩት በሙያዬ ነበር። ከዚህ በታች ያለውን ግን በእግዚአብሔር ስም እየለመንኩ ነው። ባለፈው ሰኞ ገበያ ውለን በባጃጅ ስንመለስ፣ ወለተ ኢየሱስ ገዳሙ፣ የልጄ ፊት እየጠፋብኝ ነው አለችኝ። ዓይኗ ነው የጠፋው ብዬ ነበር፤ እሷ ያለችው ግን በሐሳቧ ያለው መልክ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፎቶውን ወደ ግራ ዓይኗ አስጠግታ ትውላለች። ፎቶ እጁን አያንቀሳቅስም። እኔ ወርቅ አልፈልግም፣ ብርም ይቅርብኝ፣ ነሐሱን ለአንድ ሳምንት ብቻ ስጡኝ፤ ከዚያ ነቅላችሁ ለፈለጋችሁት ስጡት። በሕይወት ያሉት አርባ አንዱም ጎረቤቶቼ ነገ ጧት በአንድ ላይ በርዎ ላይ ቆመው ለቀናል ለማለት ተዘጋጅተዋል። ሽማግሌ ላክ ካሉኝም እልካለሁ። ደጅዬ ላይ ድንጋይ ተሸክመህ ቁም ካሉኝ እቆማለሁ። ምን ላድርግ? ምን ብዬ ልጻፍ? የማውቀውን ቃል ሁሉ ጨረስኩ እኮ!

ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው ፍርድ ቤቱ አጥር ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት ሳይሆን፣ ጽሕፈት ቤትዎ የገባ ወረቀት ሠንጠረዡ ብቻ እንደሚነበብ ከማወቄ የመጣ ጥንቃቄ አድርገው ይቁጠሩልኝ። ለዚህም ሲባል በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ምንም ሠንጠረዥ አላስገባሁም።

የመሥሪያ ቤትዎን በር በተራው፣ የእርስዎን ፊት በተስፋ የሚጠብቀው፣ ትሑት አገልጋይዎና አርባ ሦስተኛ ደንበኛዎ፣

ገዳሙ ቢተው
ማመልከቻ ጸሐፊ
(በዚህ ወረቀት ላይ ብቻውንና አንደኛ የፈረመ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ የፈረምኩበትን ዋናውን ቅጂ ዛሬ መጋቢት 18 ስልክልዎ ጥቂት ቃል ልጨምር። አጥሩ ላይ የለጠፍኩትን ሰዉ በስልኩ እያነሣ ስላሰራጨው ወሬው ደርሶዎት ሳይሆን አይቀርም፣ ትናንት ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሁለት ባለሙያዎችዎ መሰላል ተሸክመው መጡ። ተራዬን አልጠየቁኝም። አርባ ደቂቃም አልፈጀባቸውም። አምስት ወር የጠበቅኩት ነገር የአርባ ደቂቃ ሥራ መሆኑን ስላሳወቁኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

ቅዳሜ ጧት ግን ወለተ ኢየሱስ መስኮቱን ለምን እንዳልከፈትኩላት ጠይቃኝ ነበር። መስኮቱ ክፍት ነበር።

መስመሩ እንደገባ አርሴማ ታየች። ጥርት ብላ ነው የታየችው፣ እጇ አንድም ጊዜ አልደረቀም። ወለተ ኢየሱስ ወዴት እንደምትዞር ስላላወቀች ትከሻዋን ይዤ ወደ ስክሪኑ አዞርኳት፤ ከዚያ በእጇ አወራች፣ አወራች፣ ልጅቷም እያየች አለቀሰች። ቀጥሎ አርሴማ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ገልብጣ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ እየነካች ረጅም ነገር ተናገረች። ሦስት ጊዜ ደጋገመችው። ወለተ ኢየሱስ ክንዴን ጨብጣ ምን አለች፣ ገዳሙ፣ ምን አለች አለችኝ። አላወቅኩትም። ደህና ነኝ፣ አታስቢ ትልሻለች አልኳት። በኋላ ምን ማለቷ እንደነበር በስልክ ጽፌ ብጠይቃት፣ አባዬ፣ እሱ በጽሑፍ አይሆንም፣ እማዬ ታውቀዋለች ብላ መለሰችልኝ።

ባለሙያዎችዎ ትተውልኝ የሄዱትን የደንበኛ እርካታ መጠየቂያ ቅጽ ሞልቼ አያይዤአለሁ። ስለ ፍጥነቱ ምንም ቅሬታ የለኝም።